ለጾሙ ተብሎ የዘገየው ጉዞ

አሰላ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በላብራቶሪ ሠራተኛነት የሚተዳደረውን ኃይለየሱስን ክሪኬት የሚባለውን የኳስ ጨዋታ ያስተማረው አንድ ህንዳዊ መምህር ነበር። መምህሩ ወደ አገሩ ሲመለስ የኳስ መምቻውን ትቶለት ሄደ። ኃይለየሱስም ጨዋታውን ለባልደረቦቹ ለይስሃቅና ለነህምያ አስተማረ። ዘንድሮ ሦስቱ ናይሮቢ ሄደው ግጥሚያ ለማየት ተስማሙ፤ ኃይለየሱስም በአርባ ስምንት ዓመቱ የመጀመሪያ ፓስፖርቱን አወጣ።

ቀኑ ሲቃረብ ፍልሰታ ገባ።

"ግጥሚያው ብዙ ነው፤ አንተ ጾምህን ስትፈታ ያለውን እናያለን" አለው ይስሃቅ።

ኃይለየሱስ ለጾሙ መቆየታቸው ልቡን ነካው። ሁለቱ ሁሩታ ከተማ ያለ ዘመድ እንጠይቃለን ብለው ፈቃድ ሲወስዱ፣ ነህምያ መምቻውን ለልምምድ ተዋሰው።

ጾሙ በገባ በዘጠነኛው ቀን ከቅዳሴ ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ ስልኩን ሲከፍት በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፈ ፎቶ አየ። ሁለቱ ናይሮቢ ሜዳ ዳር ቆመዋል፤ መምቻው በነህምያ እጅ ነው።

ሲመለሱ ላብራቶሪ መጡ።

"ኃይሌ፣ አትቀየመን" አለ ይስሃቅ። "ሞያሌ ድረስ ሽሮ እየበላን ልንሄድ ነው እንዴ?"

ነህምያ ሳቀ። ኃይለየሱስ ግን አልሳቀም።

"እውነቱን ብትነግሩኝ እቀር ነበር" አለ። "እኔ ግን ለጾሜ ብላችሁ የቆያችሁልኝ መስሎኝ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በጸሎቴ ስለ እናንተ ፈጣሪን ሳመሰግን ነበር።"

ነህምያ መምቻውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ኃይለየሱስ በቀሩት የጾም ቀናትም በጸሎቱ ስማቸውን ማንሣት አልተወም። አሁን የሚለምነው ግን ቂም እንዳይዝባቸው ነበር።