የፎቶው ጠርዝ ላይ ያለው እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ቀሲል ልገዛ ጎንበስ ስል፣ ሻጯ ከጆንያው በጣሳ ቀድታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። "አሽትቺው አቦ፣ ማሽተት አይከፈልበትም!" አለችኝ። አረንጓዴው ዱቄት በፀሐይ የከረመ ቅጠልና ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ያን ጊዜ የከዚራ ሰፈሩ በረንዳ፣ ከሳሎን የሚሰማው የቬንትሌተር ድምፅና ፊታቸው አረንጓዴ የሆነ ሴቶች አንድ ላይ መጡብኝ።

ድሬን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቀሲል ቅጠል ነው፤ ተወቅጦ፣ በውሃ ተለውሶ ፊት ላይ ይቀባል፤ ሲደርቅ ቆዳን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ወንዱ የጫት በርጫው ላይ ሲሰየም፣ የድሬ ሴት ቀሲሏን ተቀብታ በሽቲዋ፣ በስሱ የቤት ቀሚሷ፣ ትቀመጣለች። አሁን አሁን በየሆቴሉ አዳራሽ ቁንጅና ራሱ ጭቆና መሆኑን የሚያስረዱን አሠልጣኞች ይመጣሉ። ምሳው ጥሩ ስለሆነ እሄዳለሁ። ግን ስለ ሴትነት የማውቀውን ቁም ነገር የተማርኩት ፊቴ ላይ ቀሲል ተለጥፎ ነውና፣ ለንግግሩ አጨብጭቤ አላውቅም።

ያስተማረችን የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበረች። የባቡር መካኒክ ልጅ ናት፤ ከዚራ፣ አባቷ በኖሩበት ቤት ብቻዋን ትኖር ነበር። ባል ስለሌላት ሰፈሩ ብዙ ያወራል፤ እሷ ወሬውን የምትሰማው የሳሙና ማስታወቂያ እንደሚሰማ ሰው ነበር። ማትሪክ የደረስን ሴቶችና የጎረቤት እናቶች ከሰዓት በረንዳዋ ላይ እንሰበሰባለን። ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የጻፏቸው፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጻሕፍት ነበሯት። ጥቂት በእንግሊዝኛ ታነብና በአማርኛ ትነግረናለች፤ አማርኛው ያልገባቸውን እናቶች ሌሎቹ በሶማልኛና በኦሮምኛ ያስረዷቸዋል። ሦስተኛው ቋንቋ ላይ ሲደርስ ታሪኩ የድሬ ሆኖ ያርፋል።

ያን ጊዜ የማነበው ሁሉ የወንዶች ድርሰት ነበር። በዚያ ውስጥ ቆንጆዋ ሴት ቀይ ናት፤ ቢበዛ ቀይ ዳማ። ጥቁር ከሆነች ወይ ገረድ ናት፣ ወይ በሁለተኛው ምዕራፍ ትሞታለች። ይህን ከዓመታት በኋላ በራሴ የደረስኩበት መስሎኝ ጽፌው ነበር፤ ለካ የሰማሁት ከእሷ ነው። "እነዚህ ሴቶች ብዕር ያነሡት ሌላው ሁሉ ስለነሱ አውርቶ ሲጨርስ ነው" ትል ነበር። በጣም የምወድላት ግን ለመጻሕፍቱም አለመስገዷን ነው። ድንገት ታቆምና "እዚህ ላይ ካንቺ ጋር አልስማማም፣ እህቴ" ትላለች፤ አሜሪካ ያለችው ደራሲ አጠገባችን የተቀመጠች ይመስል።

ከመካከላችን አንዷ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ሠርጓ ስለቀረበ ሁላችንም ሙሽሪት እንላታለን። ቆዳዋ ጥቁርና ጥርት ያለ ነበር። አንድ ቀን ቀሲሏን በረንዳው ጥግ ስትታጠብ ጉንጯ ቀልቶና ተልጦ አየነው።

መምህሯ መጽሐፉን አጠፈች። "ምን ቀብተሽ ነው?"

ሙሽሪት አክስቷን አየች። አክስቲቱ ከጅቡቲ ዕቃ እያመጡ የሚነግዱ፣ ሰፈሩን በድምፃቸው የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። "እኔ ነኝ ያመጣሁላት፤ የሚያቀላ ክሬም ነው" አሉ ሳይሸሽጉ።

"እጮኛዬ እንኳ ምንም አላለኝም፣ ቲቸር" አለች ሙሽሪት። "እህቶቹ ናቸው። ቀለበት ያሰርን ቀን የተነሣነውን ፎቶ አይተው፣ 'ሙሽሪት የታለች? ጥርሷ ብቻ ነው እኮ የመጣው' ብለው ሳቁ።"

"የሠርግ ፎቶ ሳሎን ይሰቀላል፣ አበዮ" አሉ አክስቲቱ፤ እህቴ ሲሉ ነው፣ በሶማልኛ። "ልጄ ዕድሜ ልኳን ጥርስ ሆና ትሰቀል? ደግሞ ያንቺ መጽሐፍ የአሜሪካ ጉድ ነው። እዚያ ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ። እኛ ምናችን ጥቁር ነው? ወላሂ፣ ሁላችንም ጠይም ነን!"

"ታዲያ ክሬሙ ለማን መጣ?" አለች መምህሯ።

አክስቲቱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ቀሲሉ ከአፋቸው ጥግ እስከ ጆሯቸው ተተረተረ። "አንቺ ሴትዮ፣ ተሰነጠቀብኝ!" እያሉ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉ። ሁላችንም ሳቅን፣ ሁላችንም ተሰነጠቅን። ቅድም ሁላችንም አረንጓዴ ነበርን፤ በስንጥቁ ውስጥ ግን የየራሳችን መልክ ይታይ ነበር።

ያልሳቀችው ሙሽሪት ነበረች። "እሺ፣ ክሬሙን ልተወው" አለች። "ፎቶውስ?"

መምህሯ አልሰበከቻትም። እኔ ብሆን፣ ዛሬም ቢሆን፣ ስለ ነጻነት አንድ ድርሰት እለቅባት ነበር። እሷ ግን ልጅቱን ትክ ብላ አየቻት። ሙሽሪት በኖራ የተቀባውን ግድግዳ ትይዩ ተቀምጣለች፤ ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ግንባሯና ጉንጯ ላይ አርፏል። "ለፎቶው እኔ አለሁ" አለች።

የሠርጉ ቀን ፎቶ ቤት ስንገባ፣ ፎቶ አንሺው እንደ ልማዱ ፓውደሩን ይዞ ቀረበ። የሱ አሠራር የታወቀ ነበር፦ ካሜራውን የሚያስተካክለው ለቬሎው ንጣት ነው፤ ዳንቴሉ አበባ በአበባ እንዲቆጠር። ያኔ ጥቁር ፊት ይጠፋል፤ የጠፋውን በፓውደር ይመልሳል። ከተማው ውስጥ ፊቷ ነጭ፣ አንገቷ ጥቁር ያልሆነ ሙሽራ ፎቶ ማግኘት ከባድ ነበር።

ሙሽሪት እጁን ያዘችው። "አትቀባኝ፣ ወንድሜ።"

"በኋላ ጨለምኩ ብለሽ እንዳትመጪብኝ!"

"ብርሃኑን ለልብሱ አትለካ" አለች መምህሯ። "ለፊቷ ለካ።"

"ቲቸር፣ ቬሎው ይቃጠልብኛል እኮ! ዳንቴል የለ፣ ምን የለ፣ ነጭ ብቻ ነው የሚሆነው።"

"ይቃጠላ!"

አክስቲቱ "የጅቡቲ ዳንቴሌን!" ብለው ጮኹ። መምህሯ አልሰማቻቸውም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ከሙሽሪት ጎን ቆማ፣ ከመብራቱ ትይዩ ወጠረችው። የበረንዳው ግድግዳ ብርሃን ሙሽሪት ፊት ላይ ተመልሶ መጣ። አንሺው በካሜራው አየና ፓውደሩን አስቀመጠ። ሙሽራው "እንዲህ ነች እኮ!" አለ፤ በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ የማስታውስለት ይህችን ብቻ ነው።

ፎቶው ሲታጠብ ቬሎው አንድ ነጭ ደመና ሆኖ ወጣ። ከደመናው በላይ ግን ሙሽሪት ነበረች፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለች፣ ዓይኗ ሰው ፈልጎ የሚያገኝ፣ ጉንጯ ላይ የክሬሙ ጠባሳ ሳይቀር። በግራ በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ የነጠላ ጫፍ የጨበጠ እጅ ገብቷል። አክስቲቱ ይቆረጥ አሉ። ሙሽሪት እንዳለ በፍሬም አስገብታ ሰቀለችው።

መምህሯ ካረፈች ቆየች። ፎቶ መነሣት አትወድም ነበርና የሷ የሚባል ምስል የለም። መጻሕፍቷን ዘመዶቿ ወሰዷቸው፤ የት እንደደረሱ አላውቅም።

የቅዳሜው ቀሲል ለሙሽሪት ልጅ ሠርግ ነው። ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ወስጄው፣ የያኔዋ ሙሽሪትና እኔ ተቀብተን ሶፋው ላይ ተደገፍን። ልጅቱ የእናቷን ፎቶ ለሠርጉ አዳራሽ አሳድጋ ልታሳትም በስልኳ አንስታው ነበር። ዘንድሮ ስልኩ ራሱ ሳይጠየቅ ያቀላል፤ እሷ ግን ያንን አጥፍታዋለች፣ ደስ አለኝ።

"እማ፣ ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል" አለች። "ይሄን እጅ ብቻ ላጥፋው? አንዴ መንካት ነው።"

ጣቷ ስልኩ ላይ ሳይደርስ እናትየው አንጓዋን ያዘቻት።

"ተይው።"

"የማን ነው?"

"የቲቸር ነው" አለች። ከዓይኗ ሥር ቀሲሉ በቀጭኑ ተሰነጠቀ፤ ሳትስቅ።