ከኮሎኔሉ ጀርባ የተሰለፉት

ኮሎኔል አልቫን ትራስክን በቅርብ አላውቀውም። አብሬው ማዕድ አልቆረስኩም፤ ሲስቅ እንጂ ሲያዝን አላየሁትም። ስለ እሱ ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም ነበር። ግን የተሻሉት ሁሉ የእሱን ውስኪ ጠጥተዋል።

ወደዚህ የአሜሪካ ጠረፍ፣ ወደ ዋባሽ ወንዝ ዳር ሲመጣ አንድ መጥረቢያና አንድ በሬ ነበረው። ሹመቱን ያገኘው በእኛው ደንብ ነው። በሚሊሻ ልምምድ ቀን ተወዳዳሪዎች ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ ሰውም ከመረጠው ጀርባ ይሰለፋል። ትራስክ የውስኪ በርሜል ከፍቶ መቅጃ ቅል አንጠለጠለበት። ጠመንጃ የሌላቸው የበቆሎ አገዳ እንደ ጠመንጃ ተሸክመው ከጀርባው ተኮለኮሉ። በቃ፣ ኮሎኔል ሆነ!

አምና በረዶው ሲቀልጥ ነባሮቹ ኢንዲያኖች ሊወጉን መጡ ተባለና ትራስክ ሰዎቹን አዘመታቸው። አንድም ኢንዲያን አላዩም። የእህቴን የኬዚያን ባል፣ ኢኖስን፣ ወንዙን አሻግሮ ለጥበቃ አቆመው። በማግስቱ ወንዙ ሞላ። ታንኳ ሠርተው ያምጡት ወይስ ትተውት ይመለሱ? አዛዥ የተባለው ሰው መወሰን ሲገባው ድምፅ አሰጠ።

"ቤቱ የናፈቀው ከጀርባዬ ይሰለፍ!"

ሁሉም ተሰለፈ። ኢኖስ ማዶ ነበርና ድምፅ አልሰጠም።

ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሰባኪያችን፣ መሞቱ ሳይታወቅ የሙታን ጸሎት አላደርስም ብሏል። እህቴ መበለት ትሁን ባለትዳር አታውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ትራስክ ለሴኔት ሊመረጥ ጉቶ ላይ ወጥቶ ይደነፋ ነበር። "አንድም ሰው ሳይቆስልብኝ መለስኳችሁ!" ሲል ሰዉ አጨበጨበ። ኬዚያ ሰዉን ገፍታ ጉቶው ሥር ቆመች።

"ኮሎኔል፣ ባሌስ?"

"እመት ኬዚያ፣ ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው። ቅሉን አቀብሏት እንጂ!"

ሰዎቹ ሳቁ።

"ጠጪና እርሺው!" አለ አንድ ሰካራም ከበርሜሉ አጠገብ።

"አንተ ዝም በል፣ አገዳ ይዘህ የዘመትክ ጀግና!" አለችው። ወደ ትራስክ ዞረች። "ላልቅስለት ወይስ ልጠብቀው? አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ስትመለሱ ኢኖስ ከማዶ ሲጣራ ትሰሙት ነበር?"

ሳቁ ቀጥ አለ። ትራስክ ዞር ብሎ ወደ ኋላው አየ። አብረውት የዘመቱት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

"ይህን አልመልስም" አለና ከጉቶው ወረደ።