የባለቤቴ ወንድም የሮክ አልበም

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ከርሞ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ ፀጉሩን አሳድጎ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር በጀርባው አዝሎ ነበር።

"ጋሼ፣ ሮክን ከክላሲካል ያዋሃደ አልበም ልሠራ ነው" አለኝ።

ኖታ ማንበብ አይችልም። ክላሲካል የሚለውም ከስልኩ የሰማውን ሁለት ሦስት ዜማ ነው። ጊታሩን እንኳ የሚቃኘው ስልኩን እያየ ነው።

እኔ በወጣትነቴ ቫዮሊን ተምሬ፣ አሁን እዚሁ ከተማ ሙዚቃ አስተምራለሁ። ቫዮሊን እንድጫወትለት ለመነኝ። እምቢ ልል ስል ባለቤቴ "ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው፤ ምናለበት?" ብላ ተቆጣች። ለአራት ዘፈኖች ዜማ ጽፌ፣ ግድግዳዋ ላይ ስፖንጅ በለጠፈባት ጠባብ ክፍል ቀረጸኝ። በየመሀሉ "ጋሼ፣ ትንሽ ስሜት ጨምርበት" ይለኛል። ስሜት የሚያስተምረኝ እሱ!

አልበሙ ሲያልቅ ዘመድ አዝማዱን አንድ ሆቴል አዳራሽ ሰብስቦ አስደመጠን። ከበሮው ይደለቃል፣ ጊታሩ ይጮኻል፣ እሱም በላዩ ላይ ይጮኻል። የእኔን ቫዮሊን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። በቦታው ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ የሚመስል የኪቦርድ ድምፅ ተተክቷል።

አማቴ ዕድሜያቸውን በድጓ ማስተማር የፈጁ መሪጌታ ናቸው። ልጃቸው ማይክ እንደያዘ "አባዬ፣ እንዴት አገኙት?" አላቸው።

"ልፋትህን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ዜማውን ግን እየጠበቅሁ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሱ ምስጋና መስሎት እጅ ነሣ።

ስንወጣ ክንዱን ያዝሁት። "ቫዮሊኔ የት ሄደ?"

"ጋሼ፣ ያንተ የእጅ ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል። የኪቦርዱ ንጹሕ ነው።"

"እንግዲያው ስሜን ከአልበሙ አውጣልኝ።"

"እሱ እንኳ መጀመሪያም አልገባም" አለኝ፣ ለማጽናናት ያህል።

ባለቤቴ ቀንተህ ነው ትለኛለች። በምኑ እንደምቀና እስካሁን አልነገረችኝም።

አልበሙን የሚገዛው ሲያጣ በፍላሽ እየገለበጠ ለየሹፌሩ አደለው። ባለፈው ወር ወደ ሉማሜ ስሄድ የሚኒባሱ ሹፌር ያንኑ ከፈተ። ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ከኋላ "ኧረ ባክህ ወንድሜ፣ ልጄን አስደነገጥህብኝ!" ብላ ጮኸች። ሹፌሩ ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው።

ዘመዴ መሆኑን ለማንም አልተናገርሁም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስኪበቃኝ ሳቅሁ።