ዱላው ከፍ ሲል

አውድማው ዳር፣ ወይራው ሥር፣ ሁለት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የንስሐ አባታችን ናቸው። በስተቀኛቸው ጎረቤታችን ቆሟል፤ የተሰበረ ክንዱ በነጠላ ቅዳጅ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ ሚስቱ ከኋላው ናት። በስተግራቸው የወንድሜ ልጅ። እኔ ገለባው ክምር አጠገብ ነበርሁ። ያን ዕለት የቆምሁት እዚያ ስለሆነ ዛሬም እዚያው ይሁኑ አሉኝ።

ያን ዕለት የወንድሜ ልጅ የገብስ ገለባ በመንሽ ሲያነሣ፣ ጎረቤታችን ዱላውን ከማጅራቱ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎበት መጣ። በድንበር ተኳርፈው ከርመዋል። አውድማው ዳር ሲደርስ ዱላው ከፍ አለ፤ የመንሹ እጀታ የጎረቤታችን ክንድ ላይ አረፈ። ከሁለቱ ሌላ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ራሱን ሲከላከል ነው ካሉ እርቅ ይወርዳል። አይደለም ካሉ ጎረቤታችን ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል፤ የወንድሜ ልጅም አዝመራውን ሜዳ ላይ ጥሎ ይታሰራል።

«ራስን መከላከል ነው። ላሊበላ ወርጄ ጠበቃ ጠይቄያለሁ» አለ የወንድሜ ልጅ።

«ከማን ነው የተከላከልኸው? ዱላ ይዤ አውድማ ልግባልህ? ዳር ላስቀምጠው እኮ ነው ያነሣሁት! ‹ያብዛላችሁ› ልል አፌን ስከፍት ነው የደረስህልኝ።»

«ሊያስቀምጥ የመጣ ሰው በአናቱ ላይ ያነሣል?»

«በአናቴ ካልሆነ በየት ላውርደው? በብብቴ?»

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

እውነቱን ነው። ማጅራት ላይ የተጋደመ ዱላ በአናት በኩል ካልሆነ አይወርድም፤ አውድማም ዱላ ተይዞ አይገባም። የወንድሜ ልጅ ይህን እያየ ነው ያደገው። ነገር ግን በነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር አይተናል፤ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ያስበረግገናል።

«አንቱስ ምን አዩ?» አሉኝ ቄሱ።

«ዱላው ከፍ ሲል አየሁ።»

«ሊመታ ነው፣ ሊያወርድ?»

«ከፍ ሲል አየሁ፣ አባ።»

«አክስቴ፣ ይንገሯቸው እንጂ!» አለ የወንድሜ ልጅ።

ምን ልንገራቸው? ድሮ ከተማ ሕግ ስማር፣ አስተማሪያችን አደጋው የደረሰ መሆን አለበት ይሉን እንደነበር ትዝ ይለኛል። አደጋው ግን የታየው ነው ወይስ የነበረው? ይህን ይንገሩን አይንገሩን አላስታውስም። ያን ዕለት እኔም ልጮኽ ነበር፤ የፈራሁትም ለወንድሜ ልጅ ነው። እሱን ደግሞ የነካው ዱላ የለም።

ሁለተኛው ሽማግሌ ሰለቻቸው። የራሳቸውን ዱላ ለጎረቤታችን አቀበሉትና «እስቲ እንዴት እንዳደረግህ አሳየን» አሉት።

ሚስቱ ማጅራቱ ላይ አጋደመችለት። በደኅና እጁ ይዞ ወደ ላይ አነሣው። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ክንዳቸውን ፊታቸው ላይ ጋረዱ።

«አያ፣ እርስዎም ተከላከሉ እኮ!» አለች ሚስቱ።

ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ጎረቤታችን አልሳቀም። ዱላውን እንዳነሣ ቀረና ሽማግሌውን አያቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አውድማው ዳር አስቀመጠው።

«ፖሊስ ጋ አልሄድም» አለ። «ግን ሊመታኝ ነበር አይበል። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር ይበል።»

የወንድሜ ልጅ እኔን አየኝ። እኔ ገለባውን አየሁ።

«መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

የጎረቤታችን ክንድ እስኪድን ድረስ የወንድሜ ልጅ ገብሱን አጭዶ፣ ወቅቶ እንዲያስገባለት ተፈረደበት። እሱም እሺ አለ። ሁለቱም የቄሱን መስቀል ተሳለሙ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን ከመሬት እያነሡ ወደ እኔ ዞሩ።

«የተማሩት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ይኼ ራስን መከላከል ነው፣ አይደለም?»

ሁሉም ጠበቁኝ። ነው ብል ጎረቤታችን ያልሠራውን ጥፋት ሠራ ማለት ይሆናል። አይደለም እንዳልል የሽማግሌው ክንድ ፊታቸው ላይ ሲጋረድ አይቻለሁ።

ነጠላዬ ላይ የተጣበቀውን ገለባ አራገፍሁና ወደ ቤቴ ቁልቁለቱን ጀመርሁ።