ዳገቱን ወደ ኋላ የወጣችው መኪና

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እኩዮቼ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ብይ፣ ሱዚና ገበጣ ያነሣሉ፤ እኔ የማነሣው ግን አንዲት አሮጌ መኪና ነው፣ ያውም ያሳፈረችኝን። ሰው የሚስቅበትን የቤቱን ጉድ አደባባይ ማውጣት ምን ይጠቅማል እያልኩ ጀምሬ ትቼው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ግን የቤንዚን ሽታ ባፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር ያ ዘመን ስለሚመጣብኝ፣ ይቅለለኝ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ልጅ እያለሁ ሰቆጣ ውስጥ መኪና ማለት የሚጭን ነገር ነበር። አይሱዙው እህል ይጭናል፤ ሚኒባሱ ሰው ይጭናል፤ ባጃጁ እንኳ አቅሙን ሳያይ በጉን ከነባለቤቱ ይጭናል። የአባዬ መኪና ግን ምንም አትጭንም። ከአውሮፓ የመጣች፣ ከአባዬ ዕድሜ ብዙም የማታንስ፣ አራት በር ያላት ትንሽ አውቶሞቢል ነበረች። በወጣትነቷ ለፍጥነት የተሠራች እንደሆነች አባዬ ይነግረናል። አረንጓዴ ስለሆነች፣ መብራቶቿ እንደ ዓይን ክብ ስለሆኑና ሆዷ መሬት ሊነካ ስለሚደርስ፣ የሰፈር ልጆች «እንቁራሪት» ይሏታል።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። መኪናዋን ከኮምቦልቻ ከአንድ ጡረተኛ ደንበኛው ገዝቶ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ሌላ ቤት ይሠራል ብሎ ሲጠብቅ ነበር አሉ። ለወንበሮቿ ልብስ ሰፋላት፤ ለሌሊት ብርድ ደግሞ ከወፍራም ሸራ ካባ የመሰለ ሽፋን አዘጋጀላት። እማዬ «ለኔ ቀሚስ ጨርቅ ጠፋ፣ ለእሷ ካባ አልጠፋም» ትለው ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ከከተማ ወጣ እንላለን። ደልዳላው መንገድ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ይከፍትና «ስሚያት እስቲ» ይለኛል። የሞተሩ ድምፅ ከጉርምርምታ ወደ ዜማ ይለወጣል። «መሪዋን ስይዝ የመንገዱ ጠጠር ሁሉ መዳፌ ላይ ይናገራል። አይሱዙ የነዳ ሰው ይህን አያውቅም» ይላል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ወደ ከተማ ስንመለስና ልጆቹ «እንቁራሪት ምን ጭና መጣች? አየር!» እያሉ ሲከተሉን ግን ከወንበሩ ሥር ብገባ እመርጥ ነበር።

የባሰው የመጣው በትርንጎ ሠርግ ነው። ትርንጎ የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ እኛ ቤት ነው ያደገችው። የሚያገባት ካሳው የአጎራባቿ ወረዳ የጋዝጊብላ ልጅ ነው፤ ቤታቸውም ከጠጠሩ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ረጅም ዳገት አናት ላይ ነበር። ለአጃቢው አይሱዙ ተይዟል። እማዬ ሙሽራዋ በአይሱዙው ጋቢና ትሂድ ብላ ነበር፤ አባዬ ግን «እህቴን እንደ ማሽላ ጭኜ አልሰድም» አለ። ሙሽሮቹና አንድ ሚዜ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ የሙሽራዋን ጥላ ይዤ ከአባዬ ጎን ሆንኩ።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ማርሽ ተፋች። አባዬ አንደኛውን ያስገባል፤ ትንሽ እንደሄድን ማርሹ ቋ ብሎ ይወጣና ወደ ኋላ እንንሸራተታለን። ሁለተኛው ደግሞ ጉልበት የለውም። ከኋላችን ያለው አይሱዙ ጥሩንባውን ይነፋል። ሙሽራዋን አውርደን በእግሯ እንዳንወስዳት ነውር ነው፤ በአገራችን የሙሽራ እግር ከአማቷ ደጅ ሳይደርስ መሬት አይነካም። አባዬ ላቡን ጠረገና ቀስ ብሎ «በኋላ ማርሽ ትወጣለች። እሱ ጤነኛ ነው» አለ።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ወደ ኋላ ይገባል እንዴ?» አለ ካሳው።

ከዓይነ ርግቡ ውስጥ የትርንጎ ድምፅ መጣ፦ «ወንድምዓለም፣ ንዳው። እዚህ ፀሐይ ላይ ከምደርቅ ወደ ኋላም ቢሆን ልድረስ።»

አባዬ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ መኪናዋን አዞራት፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ሽቅብ መንዳት ጀመረ። አይሱዙው ተከተለን። አሁን እኛና አጃቢው ፊት ለፊት ሆንን፤ እኛ ወደ ኋላ እየሸሸን፣ እነሱ ከአይሱዙው አናት ቁልቁል እያዩን። ዳገቱን ሙሉ እንዲያ ሆነን ወጣን። አንዲት የካሳው ዘመድ አዲስ ዘፈን አወጣች፦

«የዘንድሮ ሙሽራ ምን ጉድ ይዛ መጣች፣
ጀርባዋን አስቀድማ ዳገቱን ወጣች።»

አይሱዙው በሳቅ ተናወጠ። የማውቃቸውን ፊቶች በሙሉ አየኋቸው፤ የክፍሌ ልጅ እንኳ እናቷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ጣቷን ቀስራብኛለች። የምሸሸግበት ስላጣሁ ጥላውን መኪና ውስጥ ዘረጋሁት። ጫፉ የአባዬን ጎን ወጋው፤ እሱ ግን ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

የካሳው እናት እማማ ዝማም ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የመኪናዋ ኋላ በበሩ ሲገባ ፊታቸው ተለወጠ። አጠገባቸው ላሉት ሴት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሏቸው፤ አባዬ ሰምቶ አንገቱን ደፋ። ኋላ እማዬን ሲነግራት ነው የሰማሁት፦ «ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ የገባች ሙሽራ፣ መመለሷ አይቀርም» ነበር ያሉት።

እማማ ዝማም ክፉ ሴት አልነበሩም። ትርንጎን አበሏት፣ አጠጧት፤ ማጀቱን ግን አላስረከቧትም። ዱቄት ልስፈር ብትል «ተቀመጪ ልጄ»፣ ጠላ ልጥመቅ ብትል «ኧረ ተይው፣ ይደክምሻል» ይሏታል። አንድ ቀን ትታቸው ለምትሄድ እንግዳ የሚደረገውን ሁሉ ያደርጉላታል። ትርንጎ ሰቆጣ ገበያ ስትመጣ እኛ ቤት ጎራ ብላ «እትዬ፣ ሰው ቤት እንግዳ ሆኜ ላርጅ ነው?» እያለች ለእማዬ ታለቅስ ነበር። የመጣችበት ቀን ሁሉ ደግሞ ጎረቤት በአጥር ብቅ ይልና «ትርንጎ ተመለሰች እንዴ?» ይላል። ትምህርት ቤት ውስጥ እኔን ሲያዩ ወደ ኋላ የሚራመዱ ልጆች በዙ። መኪናዋን ጅብ ቢበላት ብዬ እመኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል አባዬ ሽማግሌ ይዞ ሄደ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ።

እማማ ዝማም እንዲህ አሉ፦ «እኔ ልጅቷን አልጠላኋትም። አገባቧን ነው ያልወደድኩት። ፊቷን ወደ ቤቴ አዙራ እንደገና ትግባልኝ። ያኔ የሰው አፍ ይዘጋል፤ የእኔም ልብ ያርፋል።»

«በጥሩ በቅሎ አመጣልዎታለሁ» አለ አባዬ።

«በቅሎዋ ምን አጠፋች? ያጠፋችው ትካስ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፍርዱ ትክክል ነው ተባለ። እንቁራሪት በዳይ ሆና ካሳ ተፈረደባት።

ለዚያች ዕድሜ መኪና የማርሽ ጥርስ ከየት ይገኛል? አባዬ በሰው በሰው አጠያይቆ አዲስ አበባ የእሷን ዓይነት መኪና ያለው አንድ ሰው አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በስልክ እንደ አማቾች ሆኑ። ኔትወርክ ጥሩ የሚሠራው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ አባዬ መሐል መንገድ ቆሞ «ያንተዋ እንዴት አደረች? የእኔዋ ጠዋት ጠዋት ታስላለች… አይ፣ ብርድ ይሆናል!» እያለ ይጮኻል። አላፊ አግዳሚው የታመመ ሰው ያለን ይመስለውና «እግዜር ይማርላችሁ» ይለኛል። እኔም መኪና ናት ላለማለት «አሜን» እላለሁ። ሰውየው ጥርሱን በአውቶቡስ ላከው፤ እንደ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የመጣው።

ከፋሲካ በኋላ፣ በልደታ ዕለት፣ ትርንጎ እንደገና ሙሽራ ሆነች። ወሬው ቀድሞን ስለደረሰ ዳገቱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል። አባዬ አንደኛ ማርሽ አስገባ። አልተፋችም። እያጉረመረመች፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ወጣች። ከበሩ ጥቂት ሲቀራት ግን የፊት ጎማዎቿ በሌሊቱ ዝናብ የራሰውን ጠጠር እየረጩ አንድ ቦታ ይሽከረከሩ ጀመር። አባዬ «ውረጂልኝ፣ ትቅለል» አለኝ። ወርጄ በሩን ስዘጋ ጎማው ጭቃውን አዲሱ ቀሚሴ ላይ አርከፈከፈው። ሴቶቹ ሳቁ። ጆሮዬ እሳት ሆነ።

ሊገፋ የደፈረ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው «ተገፍታ የገባች ትቆጠራለች ወይ? እሱ አልተነገረም» አሉ። ሌላው «ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይናገሩ» አላቸው። ክርክሩ ሊጀመር ሲል እማማ ዝማም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ከበሩ ወጥተው ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሩ።

«ምን ትገተራላችሁ? አማቷ ስገፋት ማን ይከለክለኛል!»

እሳቸው ትከሻቸውን ሲያስጠጉ ሁሉም ተረባረበ። እንቁራሪት ዘልላ በበሩ ገባች። እማማ ዝማም ጭቃ ለብሰው «ገባች! ፊቷን ወደ ቤቴ አዙራ ገባች!» እያሉ እልል አሉ። ትርንጎ ገና ከመኪናው ሳትወርድ የማጀቱን ቁልፍ በመስኮት አቀበሏት። አባዬ ወርዶ በአዲሱ ጋቢው ጠርዝ የመኪናዋን ፊት ይጠርግ ነበር። ሁሉ ሲስቅና ሲያለቅስ እኔ ቀሚሴን ይዤ አጥሩ ጥግ ቆሜያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን እፍረቱ ቀደመኝ።

አሁን ትርንጎ የልጆች እናት ናት፤ እማማ ዝማም አርጅተው በእጇ ይበላሉ። መኪናዋ ቤንዚን በጠፋባቸው ዓመታት ቆማ ቀረች፤ አባዬ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠቡን አልተወም። ባለፈው ሰሞን የዶርም ጓደኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ ተሰልፈው የሚታዩ የድሮ መኪኖች ፎቶ በስልኳ አሳየችን። ሁሉም እያብለጨለጩ ነበር። ሰው እየከበበ ፎቶ ይነሣል። አንዷ ቀለሟ ብቻ ነው የሚለየው እንጂ የእኛዋ ነበረች። «እኛም ቤት እንዲህ ያለች አለች» አልኩ። «ሰቆጣ? በየትኛው መንገድ?» ብለው ሳቁ። ያ የጆሮዬ ሙቀት ተመለሰ። ያኔ መኪናዋ የእኛ መሆኗን ሰው ስላወቀ አፍር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የእኛ መሆኗን የሚያምነኝ አጣሁ። በየትኛው መንገድ እንደሄደች ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩላቸው፦ በጋዝጊብላ ዳገት፣ አንዴ በጀርባዋ፣ አንዴ በፊቷ፤ ነገሩም ያበቃው ግንቦት 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።