አምስተኛው ጥራዝ

እህቴ ደህና የነበረችበት የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነው። ደህና ስል... ትኩሳቱ ከለቀቃት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ገንፎ በልታለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። ድናለች ብለን ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጠበቀችኝ። የጠበቀችው ግን እኔን ሳይሆን በቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ነው።

አንድ የክፍላችን ልጅ ከአዲስ አበባ ልብ ወለድ ይዞ መጥቶ ነበር። ስለ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ የሚተርክ የሚያስቅ መጽሐፍ ነው። ጎረምሳው ትልቅ ሰው ለመምሰል በከሰል ጢም ይሠራል፤ ዝናብ ይመታውና አገጩ ድረስ ይወርድበታል። እኛ ሠላሳ ስምንት ነን፤ መጽሐፉ አንድ። ተራ መጠበቅ አቃተን። አባቱ ልብስ ሰፊ የሆነ ልጅ ስፌቱን ፈታና ለአምስት ከፍሎ እያንዳንዱን በክር ጠረዘው። አንድ ጥራዝ አንድ ሰው ዘንድ ሁለት ሌሊት ያድራል። የአማርኛ አስተማሪያችን ሦስተኛውን ነጠቁን። ከሳምንት በኋላ መለሱልንና፣ አራተኛው ማን ዘንድ እንዳለ ቀስ ብለው ጠየቁ።

እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናቴን ለማገዝ ትምህርቷን ትታ ነበር። ተራ ስለሌላት በእኔ ተራ ታነባለች። ሁልጊዜ ትቀድመኛለች። ሦስተኛውን ገና ሳልገልጠው መጨረሻውን ነግራኝ ሳቀችብኝ። ቂም ያዝኩ። ትንሽ ቂም ናት፤ ግን ያዝኳት።

በአራተኛው ጎረምሳው ለጎረቤት ልጅ የፍቅር ደብዳቤ ይጽፋል። አባቱ ያገኘዋል። አባት ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ሊያስነብብ ይዞ ይሄዳል፤ የሚሄደው ደግሞ የልጅቷ አባት ዘንድ ነው። ጥራዙ እዚያ ላይ ያበቃል። ተማሪው ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

አምስተኛው የደረሰኝ ያን ሐሙስ ነው። ቤት ሳልገባ መንገዴ ላይ ካለው ግንብ ሥር ተቀምጬ ጨረስኩት።

"መጣ?" አለችኝ እህቴ።

"መጥቷል።"

እጇን ዘረጋች። ቦርሳዬን ወደ ኋላዬ አዞርኩት።

"ነገ" አልኳት። "ሦስተኛውን አበላሽተሽብኛል።"

"ምነው አንተ፣ ለታመመ ሰው አይታዘንም?"

"ድነሻል እኮ።"

ሳቀች። እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ አለች፤ የልጅቷ አባት ደብዳቤውን ሲያይ ምን አለ? ነገ አልኳት እንደገና። ለመነችኝ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ መለመኗ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲመሽ ትኩሳቱ ተመለሰ። ስለ መጽሐፉ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። አንድ ቃል ብነግራት ምን ነበረበት? ጎህ ሲቀድ አረፈች።

ጠዋት ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ አዛዞ ያለውን አጎቴን እንድጠራ ላኩኝ። ቦርሳዬን ለምን እንዳነገትኩ አላውቅም፤ እጄ ለምዶት ይሆናል። መንገዱ በትምህርት ቤቱ በር ነው። ልጆቹ አዩኝና ከበቡኝ። አንድ ሌሊት ይቀረኝ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋቸው።

አንዱ እዚያው ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። የልጅቷም አባት ማንበብ አይችልም። ያን መናገር ያፍርና ወረቀቱን ገልብጦ ይይዛል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ "ልጅህ ዘንድሮ ከክፍሌ አንደኛ ልወጣ ነው ይላል" ይለዋል። የጎረምሳው አባት በደስታ ያለቅሳል። ልጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ እስከ መጨረሻው ገጽ ቆሜ ሰማሁ። ስለ እህቴ ምንም አልነገርኳቸውም።

"ምነው አንተ አትስቅም?" አለኝ አንዱ።

"አንብቤዋለሁ" አልኩትና በአዛዞ መንገድ ወረድኩ።