ቆዳዋ የጠራ ጊዜ

ሊዮኒ ባሕር ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን በስትሪኪ ቤይ የዓሣ አጥማጆቹን ሁሉ ፀጉር የምትቆርጥ ጎረቤቴ ነበረች። ሶሪያሲስ የሚሉት የቆዳ በሽታ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዟት፣ ክርኗም ጣቶቿም ቀልተው ይላላጡ ነበር። አንድ ቀን ዶሪን የምትባል ደንበኛ እጇን አይታ ከወንበሩ ተነሣች።

«ይቅርታ ሊዮኒ፣ ይሄ ነገርሽ ይጋባል እንዴ?»

«አይጋባም። ከፈራሽ ግን ሂጂ፤ ግማሽ ፀጉርሽ ብቻ ተቆርጦ እንዴት ገበያ እንደምትወጪ አያለሁ!»

ሁላችንም ሳቅን። ሊዮኒን ግን ኋላ ጓሮ ስታለቅስ አገኘኋት።

ትልቁ ከተማ አደላይድ ያለ ሐኪም የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት አዘዘላት። ብዙም ሳይቆይ ቆዳዋ ጠራ። ጉርድ እጅጌ ለብሳ ከዓሣ አጥማጁ ባሏ ከክላይቭ ጋር ወደቡ ላይ መታየት ጀመረች። ሐኪሙ ግን «ኩላሊት ይጎዳል፤ ደምሽንና ግፊትሽን ሳትመረመሪ እንዳትውጪው» ብሏት ነበር።

የደም ምርመራዋ ውጤት ሲበላሽ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰባት። ወዲያው ቅላቱ ጣቶቿ ላይ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ አደላይድ ድርሽ አላለችም። በእኛ ከተማ ሐኪም አይበረክትም፤ አዲስ በመጣ ቁጥር «አደላይድ እየተከታተሉኝ ነው» ትለውና መድኃኒቱን በድሮው መጠን ታስጽፋለች። እንዲህ እያለች ዓመታት አለፉ።

«እግርሽ እኮ አብጦ ጫማ ውስጥ አልገባ አለ» አላት ክላይቭ።

«ቆሜ ስለምውል ነው። አንተ ዓሣህን ጠብቅ!»

አንድ ቀን የሰው ፀጉር እያጠበች ወደቀች። ፖርት ሊንከን ከተማ ሆስፒታል ስትደርስ የደም ግፊቷ ጣሪያ ነክቶ ነበር።

«ኩላሊትሽ ጠባሳ ሆኗል» አለቻት የሆስፒታሉ ሐኪም። «መድኃኒቱን አሁኑኑ እናቆማለን፤ የተጎዳው ግን አይመለስም።»

«ቆዳዬስ?» አለች ሊዮኒ። ክላይቭ ይህን ሲሰማ ክፍሉን ጥሎ ወጣ።

መድኃኒቱ ቆመ፤ ቅላቱ ፊቷ ድረስ ተመለሰ። ውሎ አድሮ ኩላሊቷ ጨርሶ ሲደክም ለኩላሊት እጥበቱ ብለው ፖርት ሊንከን ገብተው መኖር ጀመሩ፤ ክላይቭም ጀልባውን ተወ። ልጠይቃት ስሄድ ማሽኑ ሥር ተኝታለች፤ መርፌው ከገባበት በቀር ክንዷን በፎጣ ሸፍናለች።

«ይቆጭሻል?» አልኳት።

«ሰው ሳይሸሸኝ የኖርኩት በእነዚያ ዓመታት ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለክላይቭ እንዲህ አለች ብለሽ እንዳትነግሪው ግን፣ አደራ። እሱ ባሕሩን ለኔ ብሎ ነው የተወው።»

ክላይቭ ሻይ ይዞ ሲገባ ወሬያችንን ወደ አየሩ አዞርን።